ሦስት አምፖሎች ለደብረ ብርሃኗ ራዝቤሪ ፓይ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 2 ቀን 2017

ደብረ ብርሃን፣ አንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያስቀመጥኳት ራዝቤሪ ፓይ (በአንድ ቦርድ ላይ የተሠራች ትንሽ ኮምፒውተር) ሚሞሪ ካርዷ ለሁለተኛ ጊዜ ተበላሽቶ ትናንት በአውቶቡስ ተልካልኝ መጣች። ሥራዋ አንድ ነው። ኪዊክስ በሚባለው ፕሮግራም ዊኪፒዲያንና ጥቂት የመማሪያ መጻሕፍትን ያለ ኢንተርኔት ለተማሪዎቹ ኮምፒውተሮች ታድላለች። ስክሪንም ኪቦርድም የላትም። መደርደሪያ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ካርቶን ናት።

የቤተ መጻሕፍቱን ኃላፊ ደውዬ ምን እንደተፈጠረ ስጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ መሥራቷንም መተኛቷንም በምን ልወቅ? ማታ ስወጣ ሁሉንም ከሶኬት ነቅዬ ነው የምሄደው፤ እሷንም እንደዚያው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ካርዱ ላይ እየጻፈች ሳለ ኃይል ሲቋረጥባት ፋይሎቿ ይበላሻሉ፤ እሳቸው ግን ይህን የሚያውቁበት ምንም ምልክት አልሰጠኋቸውም። ስለዚህ ካርዱን ከመቀየሬ በፊት ምልክት እሠራላታለሁ። በሦስት ኤልኢዲ አምፖሎችና በአንድ ቁልፍ፣ ሰው ከሩቅ አይቶ ሁኔታዋን እንዲያውቅ ማድረግ እፈልጋለሁ።

ያለኝ ዕቃ፦ ራዝቤሪ ፓይ 3 ሞዴል ቢ (በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣችው)፣ ብሬድቦርድ (ያለ ብየዳ ሽቦ የሚሰካበት ሰሌዳ)፣ ጃምፐር ሽቦዎች፣ ፍሰቱን የሚገድቡ ባለ 330 ኦም ሬዚስተሮች (ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ቡናማ)፣ እንዲሁም ከአሮጌ የሳተላይት ሪሲቨር ላይ ነቅዬ ያስቀመጥኳቸው ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ አምፖሎች።

የመጀመሪያዋን ቢጫ አምፖል አገናኘሁ። ረጅሙን እግር በሬዚስተር በኩል ወደ ፒን 17 (ቦርዱ ላይ ከተደረደሩት የሽቦ መሰኪያ እሾሆች አንዱ)፣ አጭሩን ወደ ግራውንድ (ፍሰቱ ወደሚመለስበት የዜሮ ቮልት መስመር)። በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የሦስት መስመር ፕሮግራም ጽፌ አስነሳሁት፤ በራች። ደስ አለኝ። «አጥፋ» የሚለውን መስመር ጨምሬ ደግሜ አስነሳሁት። አልጠፋችም። ፕሮግራሙን ዘጋሁት። አሁንም በራች። እንዲያውም ፕሮግራሙ ከመነሳቱ በፊት ጀምሮ ስትበራ እንደነበረ ያስተዋልኩት ያኔ ነው።

ነገሩ የቁጥር ነው። ባለ 40 ፒኑ መደዳ ሁለት ዓይነት አቆጣጠር አለው። አንደኛው የቦታ ቁጥር ነው፤ ከዳር ጀምሮ 1፣ 2፣ 3 እያሉ እስከ 40። ሁለተኛው የፕሮሰሰሩ የጂፒአይኦ (በፕሮግራም የሚታዘዙ መስመሮች) ቁጥር ነው። ፕሮግራሙ ውስጥ 17 ስል በጂፒአይኦ አቆጣጠር ነው፤ እሱ ደግሞ በቦታ 11ኛው ፒን ላይ ነው የሚገኘው። እኔ የሰካሁት ቦታ 17 ላይ ነው፤ ያ ፒን ግን ሁልጊዜ 3.3 ቮልት የሚሰጥ የኃይል መስመር ነው። አምፖሏ ከፕሮግራሜ ጋር ምንም ሳይገናኛት ታበራ ነበር። ወደ 11 ስቀይራት ታዘዘች።

ፒን መሳሳት ብዙ ጊዜ የከፋ ጉዳት አለው፤ ቦታ 2 እና 4 ላይ 5 ቮልት አለ፣ የጂፒአይኦ ፒኖቹ ደግሞ ከ3.3 በላይ አይችሉም። ተርሚናል ላይ «ፒንአውት» ብሎ መጻፍ ሥዕሉን በሙሉ ያወጣል። ከእንግዲህ ሽቦ ከመንካቴ በፊት እሱን ከፍቼ ነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 3

ጠዋት በቴስተር ለካሁ። ቢጫዋ በርታ ሳለ በራሷ ላይ 2.0 ቮልት፣ በሬዚስተሩ ላይ 1.3 ቮልት። 1.3ን ለ330 ስናካፍል ወደ 4 ሚሊአምፒር ይመጣል። አንድ ፒን ቢበዛ እስከ 16 እንዲሰጥ ነው የሚስተካከለው፤ በ4 መሥራት ለፒኑ ዕረፍት ነው፣ ለዓይንም በቂ ብርሃን ነው። ቀዩና አረንጓዴው ከዚህ ብዙም አልራቁም። ሰማያዊ አምፖልም ሞክሬ ነበር፤ ሰማያዊ ግን ለራሱ ብቻ ወደ 3 ቮልት ይፈልጋል፣ ለሬዚስተሩ የሚተርፍለት የለም ማለት ይቻላል። ደብዝዞ ስላየሁት ተውኩት።

ከሰዓት በኋላ ለረጅም ሰዓት የታገልኩት ከአሮጌ ማስተማሪያ ጋር ነው። ማስተማሪያው ፒኑን በፋይል በኩል ማዘዝ ይቻላል ይላል፦ ሲስ ማውጫ ውስጥ ያለው «ኤክስፖርት» ፋይል ላይ 17 ብለህ ጻፍ። እኔ ስጽፍ «ያልተፈቀደ እሴት» ብሎ ይመልስልኛል። ከርነሉ (የማሽኗ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ የሊኑክስ፣ እምብርት) 6.6 ነው፤ በዚህ ስሪት የፓይዋ ፒኖች መነሻ ቁጥር ከ0 ወደ 512 ተዛውሯል፤ ስለዚህ 17 የነበረው 529 ሆኗል። 529 ብዬ ስጽፍ ሠራ። ግን ይህ መንገድ ከሊኑክስ 4.8 (2016 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ «ይቅር» የተባለ ነው፤ አንድ ቀን ጨርሶ ሊወጣ በሚችል ነገር ላይ ከእኔ፣ ከአዲስ አበባ፣ 130 ኪሎ ሜትር ርቃ የምትኖር ማሽን እንድትደገፍ አልፈለግሁም። አነበብኩት፣ ገባኝ፣ ትቼው አለፍኩ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

የሳምንቱ ዋና ቀን። በዕቅዴ ቢጫዋ «ማሽኑ ነቅቷል»፣ አረንጓዴዋ «መጽሐፉ ይነበባል»፣ ቀይዋ «ኃይል አነሰ» ማለት ናቸው። ከሦስቱ ለተማሪ የምትጠቅመው አረንጓዴዋ ስለሆነች በእሷ ጀመርኩ።

በፓይተን የጻፍኩት እንዲህ ነበር፦ በየ10 ሴኮንዱ ኪዊክስን አንድ ገጽ ጠይቅ፤ ከመጣ አብራ፣ ካልመጣ አጥፋ። ኪዊክስን ዘጋሁት፣ አረንጓዴዋ ጠፋች። አስነሳሁት፣ በራች። እዚህ ላይ ብተወው ኖሮ ሥራው አልቋል ብዬ ካርቶኗን ጠቅልዬ እልካት ነበር።

ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ማሽኖች ከሚሞቱበት ይልቅ የሚፈዝዙበት ጊዜ ይበዛል። ኪዊክስን ሳልዘጋው፣ ባለበት እንዲደርቅ የሚያደርገውን የማቆሚያ ሲግናል ላክሁበት። በሚሠሩ ፕሮግራሞች መዝገብ ላይ አለ፣ በሩም ክፍት ነው፣ መልስ ግን አይሰጥም። አምፖሏን እያየሁ ተቀመጥኩ። 10 ሴኮንድ። 1 ደቂቃ። 5 ደቂቃ። አረንጓዴ እንደሆነች ነው። ላፕቶፔ ላይ ገጹን ስከፍት መጫኛዋ ክብ ብቻ ትሽከረከራለች፤ አምፖሏ ግን «መጽሐፉ ይነበባል» እያለች ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ግንኙነቱን የሚቀበለው ከርነሉ ነውና ጥያቄዬ ይገባል፤ የሚመልስለት ግን የለም። ፕሮግራሜም መልስ እየጠበቀ አብሮ ደረቀ፤ «አጥፋ» የሚለው መስመር ላይ የሚደርስ ሰው የለም። ፒኑ ደግሞ ሌላ እስኪነገረው ድረስ የመጨረሻውን ትእዛዝ እንደያዘ ይቆያል። ለጥያቄው የ3 ሴኮንድ ገደብ ጨመርኩበትና ይኼኛው ተስተካከለ። ቀጥዬ ግን ራሱን ተቆጣጣሪውን ፕሮግራም በዚያው ሲግናል አደረቅሁት። አረንጓዴዋ በርታ ቀረች፤ ኪዊክስንም ዘጋሁት፣ አሁንም በርታለች።

ይህ ከባለፈው ቅዳሜ ስህተት ጋር አንድ ነው። ያኔ አምፖሏ ከኃይል መስመር ጋር ተገናኝታ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ከአንድ የደረቀ ፕሮግራም የመጨረሻ ቃል ጋር። ሁለቱም ጊዜ ብርሃኑ የሚናገረው ስለ አሁን አይደለም። ኃላፊዋ ባዩት ብርሃን አምነው ተማሪ ቁጭ አድርገው ቢያስጠብቁ ጥፋቱ የማን ነው? ምልክት የሌላት ማሽን ትሻላለች፤ ቢያንስ ሰው ይጠራጠራታል። ስለዚህ ዛሬ የወሰንኩት ይህንን ነው፦ አረንጓዴዋ በማንም «አጥፋ» ባይነት አትጠፋም። በራሷ ትጠፋለች፤ ለመብራት ነው አስታዋሽ የሚያስፈልጋት።

እሑድ፣ ጥቅምት 10

መፍትሔው ከርነሉ ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት። ሊኑክስ አምፖሎችን ከተራ ፒን ለይቶ የሚያስተዳድርበት ክፍል አለው። የቡት ማውጫው ውስጥ ባለው የኮንፊግ ፋይል ላይ «ጂፒአይኦ-ሌድ» የተባለውን ኦቨርሌይ (ፒኑ ላይ ምን እንደተሰካ ለከርነሉ የሚነግር ቅንብር) ለእያንዳንዷ አምፖል አንድ አንድ ጊዜ ጠራሁ፤ ቢጫዋን ጂፒአይኦ 17 (ቦታ 11)፣ አረንጓዴዋን 27 (ቦታ 13)፣ ቀይዋን 22 (ቦታ 15)። ሦስቱም በአንድ መስመር ተከታታይ ስለሆኑ ሽቦው ያምራል፤ ግራውንዱም እዚያው ጎን ቦታ 9 ላይ አለ። እያንዳንዷ አምፖል የራሷ ስምና «ትሪገር» የሚባል ነገር ይኖራታል፤ ማን እንደሚያበራት የሚወስነው እሱ ነው።

ለቢጫዋ «ሃርትቢት» የተባለውን ሰጠኋት። እንደ ልብ ሁለቴ ድው-ድው ትልና ታርፋለች። የሚያስመታት ራሱ ከርነሉ ነው፤ ምንም ፕሮግራም በመካከል የለም። ከርነሉ ከቆመ ምቱ ይቆማል፤ በርታ ብትቀር እንኳ አለመምታቷ ይታያል። አንድ ያስደሰተኝ ነገር፦ ሥራ ሲበዛባት ምቱ ይፈጥናል። ሆን ብዬ የፕሮሰሰሯን አራቱንም ኮር በከንቱ ስሌት አስጨነቅኋቸው፤ ከአንድ ደቂቃ ገደማ በኋላ ቢጫዋ ዳገት እንደወጣ ሰው ልቧ ይመታ ጀመር። ሃያ ተማሪ በአንዴ ሲገባባት ኃላፊዋ በዓይን ያዩታል ማለት ነው።

ለአረንጓዴዋ ያገኘሁት ትሪገር «ዋንሾት» ይባላል። «ሾት» የምትባል ፋይል አለችው፤ እሷ ላይ አንድ ነገር ሲጻፍ አምፖሏ ለተወሰነ ጊዜ በርታ በራሷ ትጠፋለች። የምፈልገው ይኸው ነው። ፕሮግራሜ ገጹ በትክክል ሲመጣ ብቻ አንድ ጊዜ ይጽፋል። ከደረቀ አይጽፍም፤ ካልጻፈ አትበራም።

መጀመሪያ የሰጠኋት ጊዜ 15 ሴኮንድ ነበር፤ ጥያቄው በየ10 ሴኮንዱ ስለሆነ ሳትጠፋ ትቀጥላለች ብዬ። እንደዚያ አልሆነም። 15 ሴኮንድ ትበራለች፣ 5 ሴኮንድ ትጨልማለች፣ እንደገና 15። ሰዓት ይዤ ሁለት ዙር ቆጠርኩ። ለካ ዋንሾት አንዱን ዙር ሳይጨርስ ሌላ ትእዛዝ ቢመጣበት አይሰማም፤ የ10ኛው ሴኮንድ ጽሑፍ እየጠፋ፣ የ20ኛው ብቻ ነበር የሚይዘው። ስለዚህ ወደ 9 ሴኮንድ ብርሃንና ግማሽ ሴኮንድ ጨለማ ዝቅ አደረግሁት። አሁን በየ10 ሴኮንዱ አንዴ ዓይኗን ትጠቅሳለች። ይህን አላሰብኩትም ነበር፤ ግን ካሰብኩት በለጠ። ያለማቋረጥ የምትበራ አረንጓዴ እንደ ባለፈው ልትዋሽ ትችላለች፤ የምትጠቅስ አረንጓዴ ግን ከ10 ሴኮንድ በፊት አንድ ሰው ገጹን አንብቦ እንደመሰከረላት ነው።

የትኛውን ገጽ? መጀመሪያ ሁልጊዜ አንዱን ገጽ እጠይቅ ነበር። መጻሕፍቱ ያሉበትን ፍላሽ ስነቅለው ግን ያ ገጽ ከማሽኗ ሜሞሪ ላይ መምጣቱን ቀጠለ። ኪዊክስ ከመጽሐፉ ውስጥ በዘፈቀደ ገጽ የሚያወጣበት አድራሻ አለው፤ ወደሱ ቀየርኩ። አሁን ፍላሹ ሲነቀል አረንጓዴዋ ብዙም ሳትቆይ ትጨልማለች።

ለማስታወስ፦ የብርሃኑና የጨለማው ርዝመት ማሽኗ ስትነሳ ወደ ነባሩ ይመለሳል። ፕሮግራሙ ሲጀምር እሱ ራሱ እንዲጽፋቸው አድርጌያለሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ማታ ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ሠራሁ። ቀይዋ የኃይል ማነስ ናት። ፓይዋ የሚደርሳት ኃይል ከ4.63 ቮልት ሲወርድ ራሷ ትመዘግበዋለች፤ ፕሮግራሙ ያንን መዝገብ እያነበበ ቀይዋን ያበራል። ከትምህርት ቤቱ አብሮ በመጣው የስልክ ቻርጀርና ቀጭን ኬብል ስሞክራት፣ ገና ኪዊክስ ሲነሳ ቀይዋ በራች። መዝገቡ በሄክሳዴሲማል 50005 ይላል፦ አሁን ኃይል አንሷል፣ አሁን ፍጥነት ተቀንሷል፣ ከዚህ በፊትም ሁለቱም ደርሰዋል። ያንኑ ቻርጀር አጭርና ወፍራም ኬብል ስሰጠው ጠፋች። ቻርጀሩም ቢሆን 2 አምፒር ነው፤ ለዚህች ማሽን የሚመከረው 2.5 ስለሆነ እሱንም እቀይረዋለሁ። ለካርዱ መበላሸት የሶኬቱ መነቀል ብቻ ሳይሆን ይህም እጁ ሳይኖርበት አይቀርም።

ቀይዋ እንደ አረንጓዴዋ አይደለችም፤ ፕሮግራሙ ከሞተ አትበራም፣ ዝምታዋም ደህና ይመስላል። ስለዚህ የቀይዋ ዝምታ የሚታመነው አረንጓዴዋ እየጠቀሰች ከሆነ ብቻ ነው። በወረቀቱ ላይ ይህን እጽፋለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ቁልፉ። «ጂፒአይኦ-ሻትዳውን» የተባለ ኦቨርሌይ አለ፤ ያለ ምንም ተጨማሪ ፕሮግራም ጂፒአይኦ 3 ከግራውንድ ጋር ሲነካ ማሽኗን በሥርዓት ያጠፋል። ጂፒአይኦ 3 በቦታ 5 ላይ ነው፣ ጎረቤቱ ቦታ 6 ግራውንድ ነው፤ ሁለት ሽቦ ብቻ። ፒኑን መምረጤ በምክንያት ነው፤ ጠፍታ ሳለ ያው ቁልፍ ሲጫን መልሶ ያስነሳታል።

ከሁሉ የፈራሁት አንድ ነገር ነበር፦ «ንቀል» የሚለው ምልክት መቼ ይሰጥ? ቀድሞ ከተሰጠ ካርዱ ላይ ገና እየተጻፈ ይነቀላል። ቢጫዋ ይህንን ፈታችልኝ። ሲስተሙ ሲዘጋ መጀመሪያ ፕሮግራሞቹ ይቆማሉ፣ ፋይሎቹ ወደ ካርዱ ተጽፈው ይዘጋሉ፣ ከዚያ በኋላ ነው ከርነሉ የልብ ምቱን የሚያቆመውና አምፖሎቹን የሚያጠፋው። ስለዚህ ቢጫዋ ስትጠፋ ካርዱ ተዘግቷል። አሥር ጊዜ ደጋግሜ አጠፋኋት፣ አስነሳኋት፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ቢጫዋ እንደጠፋች ነቀልኩ፤ ካርዱንም ላፕቶፕ ላይ ፈተሽኩት። አንድም ጊዜ ስህተት አላገኘሁም። መብራት በራሱ ሲጠፋ ግን ቁልፉ አያድናትም፤ ለዚያ ባትሪ ያስፈልጋል፣ ሌላ ሥራ ነው።

ሳጥኑ የምግብ ዕቃ ፕላስቲክ ነው። 5 ሚሊሜትር ቀዳዳዎቹን በእሳት ባጋልኩት ምስማር በሳሁ፤ ምስማሩን ቀጥ አድርጎ አንዴ ማሳለፍ ነው፣ ከተወዛወዘ ቀዳዳው ይሰፋና አምፖሏ ትወድቃለች። ሬዚስተሮቹን ከአምፖሎቹ እግር ጋር በይጄ በሙቀት በሚኮማተር ጎማ ሸፈንኳቸው። በቦርዱ ላይ ያለችውን ትንሿን ቀይ አምፖል በጥቁር ፕላስተር ጋረድኳት፤ እሷ ደህና ሲሆን በርታ ኃይል ሲያንስ ነው የምትጠፋው፣ የእኔዋ ተቃራኒ ናት፣ ሰው ታሳስታለች። ከላይ ወደ ታች «ልብ»፣ «መጽሐፍ»፣ «ኃይል» ብዬ ጻፍኩባቸው። ቀይና አረንጓዴ መለየት የሚቸግረው ሰው ብዙ ነው፤ ቦታቸውና ጽሑፋቸው ከቀለማቸው እኩል ይናገር።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ደብረ ብርሃን። ጠዋት ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። አስቀመጥኳት፣ ሰካሁ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቢጫዋ መምታት ጀመረች፣ ከደቂቃ በላይ ቆይታ አረንጓዴዋ ጠቀሰች። ኃላፊዋ መነጽራቸውን አድርገው ቀርበው አይዋት።

«ማታ ስወጣ ይቺን ቁልፍ እጫናለሁ፤ ከዚያስ?»

«ልብ የምትለዋ መምታቷን ትታ እስክትጠፋ ይጠብቁ፣ እትዬ። ስትጠፋ ይንቀሉ።»

«ካልጠፋችስ?»

ይህን ጥያቄ እኔ ራሴን አልጠየቅኩትም ነበር። ሁለት ደቂቃ ጠብቀው ካልጠፋች ይደውሉልኝ አልኩና ወረቀቱ ላይ ጨመርኩት። ከዚያ እሳቸው ራሳቸው ተጫኑ። ሁለታችንም ቢጫዋን እያየን ቆምን። ድው-ድው፣ ድው-ድው፣ ከዚያ ጨለመች። «አረፈች» አሉና ነቀሉ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ከሰዓት በኋላ ደወሉ። «ልብ ትመታለች። መጽሐፍ የምትለዋ ጠፍታለች። ኃይል አልበራችም።»

እኔ አዲስ አበባ፣ ታክሲ ውስጥ ነኝ። ከርነሉ ደህና ነው፣ ማሽኗ አልደረቀችም። የቀይዋን ዝምታ ማመን አልችልም፣ አረንጓዴዋ የለችምና። ከሁሉ በፊት የጠረጠርኩት ፍላሹን ነው። «እትዬ፣ ከጎኗ የተሰካችው ትንሿ ፍላሽ በደንብ ገብታለች?» ዝም አሉ፣ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። «ወጣ ብላለች፤ ልጆቹ መጽሐፍ ሲያወጡ ነክተዋት ይሆናል።» እንዲገፏት፣ ከዚያ ቁልፉን ተጭነው ልብ እስክትጠፋ ጠብቀው መልሰው እንዲጫኑ ነገርኳቸው። ስልኩን ሳይዘጉ ጠበቅን፤ በመሃል ስለ ብርዱና ስለ ተማሪዎቹ ፈተና አወራን።

«ልብ ጀመረች» አሉ። ቆይተው ደግሞ «በራች» አሉ።

«ትጠቅሳለች?»

ጥቂት ሴኮንድ ዝም አሉ፤ እያዩዋት ነው።

«ጠቀሰች።»